ኒውክለስ ሲከፈል በትክክል ምን ይሆናል? ማይቶሲስና ሚዮሲስ ተምታተውብኛል

የዓባይ ማዶ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፣ ከባሕር ዳር። ሕክምና የመግባት ሐሳብ አለኝ። ስለዚህ ይህን ርዕስ ሸምድጄ ማለፍ አልፈልግም፣ መረዳት ነው የምፈልገው።

የገባኝን ልንገራችሁ። ማይቶሲስ አንዱን ሴል ሁለት ያደርገዋል፣ ሁለቱም እንደ እናታቸው ናቸው። ሚዮሲስ አራት ያወጣል፣ የክሮሞሶሙ ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። የደረጃዎቹን ስም በቅደም ተከተል አውቀዋለሁ።

ያልገባኝ መሠረቱ ነው። መጽሐፉ “ኒውክለስ ለሁለት ይከፈላል” ይላል። ከሥር ያለው ሥዕል ላይ ግን የመጀመሪያው ደረጃ፣ ፕሮፌዝ፣ ሲያልቅ ኒውክለስ የሚባል ነገር የለም። ጠፍቷል። የሌለ ነገር እንዴት ይከፈላል? ክፍል ውስጥ ጠይቄ ነበር፣ “ኖት ላይ ያለውን ያዙ” ተባልን።

ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። ዲኤንኤው አስቀድሞ እጥፍ ከሆነ 46 የነበረው ለምን 92 አይባልም?

ሦስተኛው እንቅልፍ የነሳኝ ነው። ሚዮሲስ የሚፈልገው ግማሽ ማድረግ ከሆነ ለምን መጀመሪያ እጥፍ ያደርጋል? 46ቱን 23 ወዲህ፣ 23 ወዲያ አድርጎ በአንድ ጊዜ አይጨርስም ነበር? እጥፍ አድርጎ ሁለቴ መክፈል አጉል ድካም አይሆንበትም?

ትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አለው፣ ግን ተቆልፎበት ነው የሚኖረው። ሁሉንም በቻርት ነው የተማርነው። የሚያስረዳኝ ሰው ካለ እባካችሁ ጊዜ ወስዳችሁ ጻፉልኝ።

ሁለተኛ ዓመት፣ ፔዳ፦

እህቴ አትጨነቂ፣ ሁላችንም እዚያ ጋ ተደናግረናል። ለቁጥሩ ይህቺን ያዢ፦ የሚቆጠረው ሴንትሮሜር ነው። አንድ ክሮሞሶም ተባዝቶ ሁለት ክሮማቲድ ቢሆንም በአንድ ሴንትሮሜር እስከተያያዙ ድረስ እንደ አንድ ነው የሚቆጠሩት። ስለዚህ 46 እንደ 46 ይቆያል። ለሦስተኛው መልሱ ክሮሲንግ ኦቨር (ክሮሞሶሞች ቁራሽ መለዋወጣቸው) ነው፣ ዘር እንዲቀላቀል። ኒውክለሱ ስለ መጥፋቱ ብዙ አትመራመሪ፣ ፈተና ላይ አይመጣም።

መምህርት ከጣና ዳር፦

ወንድሜ፣ ስለ ሴንትሮሜሩ የጻፍከው ልክ ነው። “አትመራመሪ” የሚለውን ግን አልቀበልም። ልጅቷ የጠየቀችው የርዕሱን ልብ ነው። ባዮሎጂ ሳስተምር ጸጉሬ ሸብቷል፣ እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ሲገኝ ዛሬም ደስ ይለኛል። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ፣ ልጄ። ደብተርሽን አምጪ።

በትክክል አይተሻል። በእኛ ሴልም ሆነ በሽንኩርት ሴል ውስጥ ኒውክለስ ከመሃሉ ተቆርጦ ሁለት አይሆንም። ይፈርሳል። ከዚያ በቦታው ሁለት አዳዲስ ኒውክለሶች ይሠራሉ። በመሃል ለጥቂት ጊዜ ሴሉ ኒውክለስ የለውም። በሥርዓት የሚከፋፈሉት ክሮሞሶሞቹ ናቸው። ይህን አንድ ነገር ከያዝሽ የቀረው ቦታ ቦታውን ይይዛል።

እንዴት ይፈርሳል? የኒውክለስ ሽፋን ድርብ ነው። በእንስሳት ሴል ከሽፋኑ በውስጥ በኩል ላሚን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ መረብ አለ። ሽፋኑን ደግፎ የሚይዘው እሱ ነው። የመከፈያው ሰዓት ሲደርስ ኢንዛይሞች ላሚኑ ላይ ፎስፌት ይለጥፉበታል። ፎስፌት የተለጠፈበት ላሚን እርስ በርሱ ተያይዞ መቆም አይችልም። መረቡ ይበተናል፣ ሽፋኑም ፈርሶ ከኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ “ጠፋ” ስንል ከዓይናችን ጠፋ ማለታችን ነው። ዕቃው እዚያው ሴሉ ውስጥ ነው። በኋላ ፎስፌቱ ሲነሣ ተመልሶ ይሰበሰባል፣ በዚህኛው ክሮሞሶም ክምር ዙሪያ አንድ፣ በዚያኛው ዙሪያ አንድ።

ማፍረሱ ለምን አስፈለገ ብትይ፣ ክሮሞሶሞቹን የሚስቡት ክሮች የሚዘረጉት ከኒውክለሱ ውጭ ስለሆነ ነው። ሽፋኑ ካልተነሣ አይደርሱባቸውም።

ከዚያ በፊት ግን የማሰናዳት ሥራ አለ። የአንድ ሰው ሴል ዲኤንኤ ጫፍና ጫፉ ቢያያዝና ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። የሚኖርበት ኒውክለስ ስፋቱ የአንድ ሚሊሜትር መቶኛ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ክር እንደተዘረጋ ለሁለት ልካፈለው ቢሉት ይተበተባል፣ ይበጠሳል። እናቶቻችን የፈተሉትን ልቃቂት አድርገው እንደሚያጠነጥኑት፣ ሴሉም መጀመሪያ ክሩን ጠቅልሎ ያሳጥረዋል። በፕሮፌዝ ክሮሞሶም በማይክሮስኮፕ መታየት የሚጀምረው ለዚህ ነው። ቅጂው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት አልቋል። ዲኤንኤ የሚባዛው ኢንተርፌዝ ላይ፣ መከፈሉ ሳይጀመር፣ ክሩ ገና ተዘርግቶ ሳለ ነው። ፕሮፌዝ ላይ የምታያቸው ክሮሞሶሞች እያንዳንዳቸው ሁለት እህትማማች ክሮማቲድ ይዘው ነው ብቅ የሚሉት። እህትማማቾቹን አጣብቆ የያዛቸው ኮሂሲን የሚባል ፕሮቲን ነው። ይህን ስም አትርሺው፣ ሚዮሲስ ላይ እንፈልገዋለን።

ቀጥሎ ያለውን ክፍል እኔ በጣም እወደዋለሁ። ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ቀጫጭን ክሮች ከሁለቱ ዋልታዎች ይዘረጋሉ። አንደኛዋን እህት ከወዲህ፣ ሁለተኛዋን ከወዲያ መያዝ አለባቸው። አንዳንዴ ይሳሳታሉ፣ ሁለቱንም ከአንድ ወገን ይይዟቸዋል። ያኔ ወዲህና ወዲያ የሚያወጥር ነገር ስለማይኖር ክሩ ይለቅና እንደገና ይሞክራል። ሁሉም እስኪያዙ ሴሉ ይጠብቃል። አርባ አምስቱ ተስተካክለው አንዷ ብትቀር እንኳ ለእሷ ሲባል ሁሉም ይቆማሉ። የመጨረሻዋ ስትያዝ ሴፓሬዝ የሚባል ኢንዛይም ከእስሩ ይፈታል። ኮሂሲኑን ይቆርጠዋል። እህትማማቾቹ በአንድ ጊዜ ይለያያሉ። አናፌዝ የምንለው ይህን ነው።

አሁን ወደ 92 እንመለስ። 92 የሚሆንበት ጊዜ አለ። አናፌዝ ላይ እህትማማቾቹ ከተለያዩ በኋላ እያንዳንዷ ራሷን የቻለች ክሮሞሶም ናት። ሴሉ ግን ገና አልተከፈለም። ስለዚህ ለዚያች አጭር ጊዜ በአንድ ሴል ውስጥ 92 ክሮሞሶም አለ። ሴሉ ሲከፈል 46 እና 46 ይሆናል። መጽሐፍሽ ላይ ያለውን የአናፌዝ ሥዕል ቁጠሪው፣ ከሱ በፊት ካለው ደረጃ፣ ከሜታፌዙ፣ እጥፍ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ደግሞ 46 መሆኑ ራሱ የታወቀው ቅርብ ጊዜ ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰው ክሮሞሶም 48 ነው እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል። ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን 46 መሆኑን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1956 ነው።

ቴሎፌዝን ብዙ አላስረዝምም፣ የፕሮፌዝ ግልባጭ ነው። ክሩ ይፈታል፣ ሽፋኑ ይሠራል፣ በኒውክለሱ ውስጥ የሚታየው ኒውክሊዮለስም ይመለሳል።

ቻርት ግን አይበቃሽም። ከመምህርሽ ጋር ሆናችሁ ማይክሮስኮፑ እንዲከፈትላችሁ ጠይቁ። የሚያስፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ገበያችን በፎገራ ቀይ ሽንኩርት የተሞላ ነው። ጤነኛ ሽንኩርት ምረጪ፣ ከሥሩ ያለውን ደረቅ ቅሪት በቀስታ ፋቂለት፣ ታችኛው ክፍሉ ብቻ ውሃ እንዲነካ አድርገሽ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጪው። በጥቂት ቀን ነጫጭ ሥር ያወጣል። የሥሩን ጫፍ ብቻ ቁረጪና ሦስት እጅ አልኮልና አንድ እጅ አሴቲክ አሲድ በተቀላቀለበት ውስጥ አሳድሪው። ከዚያ በሞቀ፣ በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ለጥቂት ደቂቃ ይለሰልሳል። ይህን ክፍል መምህርሽ በሌለበት አትሥሪ። በአሴቶካርሚን አቅልሚው፣ መሸፈኛ መስታወቱን ጣይበት፣ በላዩ ሶፍት አድርገሽ በአውራ ጣትሽ ቀጥ ብለሽ ተጫኚው። መስታወቱ ወደ ጎን ከተንሸራተተ ሴሎቹ ይጠቀለላሉ።

መጀመሪያ ስታዪ አብዛኛው ሴል አይከፈልም፣ ተስፋ አትቁረጪ። ሴል አብዛኛውን ዕድሜውን ኢንተርፌዝ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ትንንሽና አራት ማዕዘን ሴሎች ያሉበትን ፈልጊ። ረዣዥም ሴል ካየሽ ከጫፉ ርቀሻል። ሽንኩርት 16 ክሮሞሶም ብቻ ነው ያለው፣ እነሱም ትልልቅ ስለሆኑ ለጀማሪ ይመቻሉ። ቫልተር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1882 ይህን ሂደት ማይቶሲስ ብሎ ሲሰይም የሳላማንደር ሴሎችን እያየ በእጁ ነበር የሚሥለው። አንቺም ያየሽውን ሣዪው። የሣልሽውን አትረሺውም።

ሚዮሲስ። “ለምን መጀመሪያ እጥፍ ያደርጋል” ያልሽው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ “ዘር እንዲቀላቀል” የሚለው መልስ ደግሞ ግማሹን ብቻ ነው የሚመልሰው። ቀሪውን ግማሽ ስሚኝ።

ከአባትሽ አንድ 7ኛ ክሮሞሶም አለሽ፣ ከእናትሽ አንድ። በማይቶሲስ ሁለቱ አይተዋወቁም፣ እያንዳንዱ ለብቻው ተሰልፎ ለብቻው ይከፈላል። በሚዮሲስ ግን መገናኘት አለባቸው። አለዚያ ሴሉ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ለመላክ በምን ያውቃቸዋል? ስለዚህ የአባትና የእናት 7ኛ ተፈላልገው ጎን ለጎን ይጋጠማሉ። ከዚያ ሴሉ አውቆ ዲኤንኤውን በተለያየ ቦታ ይበጥሰዋል። ሲጠግነው አንዳንዱን ከጥንዱ ጋር አሻግሮ ይቀጥለዋል። የአባት ቁራሽ ወደ እናት፣ የእናት ቁራሽ ወደ አባት ይሻገራል። ክሮሞሶሞች ቁራሽ በአካል እንደሚለዋወጡ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ማስረጃ በበቆሎ ላይ ያቀረቡት ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ሃሪየት ክሬተንና ባርባራ ማክሊንቶክ፣ እ.ኤ.አ. በ1931።

አሁን የእጥፉን ጥቅም ተመልከቺ። የተሻገረው ቁራሽ ከእህቱ ክሮማቲድ ጋር አሁንም በኮሂሲን እንደተጣበቀ ነው። በዚህ ምክንያት የአባትና የእናት 7ኛ በአካል ተያይዘዋል። የሚስቧቸው ክሮች ሁለቱን ወዲህና ወዲያ ሲወጥሯቸው ውጥረቱ ይሰማል፣ ሴሉም “ይህ ጥንድ በትክክል ተይዟል” ብሎ ማወቅ ይችላል። እህት ክሮማቲድ ባይኖር መያያዣ አይኖርም። መያያዣ ከሌለ ክሮሞሶሞቹ በዕድል ወደ ፈለጉበት ይሄዳሉ። ስለዚህ እጥፍ መሆኑ አጉል ድካም አይደለም። በትክክል ግማሽ ለማድረግ የሚያስችለው እሱ ነው።

በመጀመሪያው መከፈል ኮሂሲኑ የሚቆረጠው በክሮሞሶሙ ክንዶች ላይ ብቻ ነው። ሴንትሮሜሩ አካባቢ ያለውን ሹጎሺን የሚባል ፕሮቲን ቆሞ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የአባትና የእናት ይለያያሉ፣ እህትማማቾቹ ግን አብረው ይሄዳሉ። በሁለተኛው መከፈል ጠባቂው የለም፣ የቀረው ኮሂሲን ይቆረጣል፣ እህትማማቾቹም ይለያያሉ። በሁለቱ መካከል ዲኤንኤ አይባዛም።

ቁጥሩ እንዳይምታታብሽ ሁለት ነገር ለየብቻ ቁጠሪ፣ የክሮሞሶሙን ብዛትና የዲኤንኤውን መጠን። መጀመሪያ 46 ክሮሞሶም፣ መጠኑን 2 በይው። ሲባዛ 46፣ መጠኑ 4። ከመጀመሪያው መከፈል በኋላ 23፣ መጠኑ 2። ከሁለተኛው በኋላ 23፣ መጠኑ 1። “ቁጥሩ የሚቀንሰው መቼ ነው?” ብሎ የሚጠይቅ ፈተና መልሱ የመጀመሪያው መከፈል ነው። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ነው ነጥብ የሚጥለው።

አንድ የቀረ ነገር አለ። “ሚዮሲስ አራት ያወጣል” ብለሻል። በወንድ ልክ ነው። በሴት ግን አንድ እንቁላል ነው የሚወጣው። ሌሎቹ ፖላር ቦዲ የሚባሉ ትንንሽ ሴሎች ሆነው ይቀራሉ፣ ምግቡን ሁሉ አንዷ ትይዘዋለች። ደግሞ ጊዜውን እዪው። የእንቁላሎችሽ ሚዮሲስ የጀመረው አንቺ ገና በእናትሽ ማኅፀን ሳለሽ ነው። ፕሮፌዝ ላይ፣ ጥንዶቹ እንደተያያዙ ቆሟል። ከጉርምስና በኋላ በየወሩ ከተመረጠችው ላይ ይቀጥላል፣ ሁለተኛው መከፈል ላይ ደግሞ ዳግመኛ ይቆማል። የወንድ ዘር ካልገባ አያልቅም። በአርባ ዓመቷ የምታረግዝ ሴት እንቁላል ያ መያያዣ ከአርባ ዓመት በላይ ሲጠብቅ ቆይቷል። ስለዚህ ዕድሜ ሲገፋ ክሮሞሶሞች ሳይለያዩ አብረው የመሄዳቸው ዕድል ይጨምራል። ዤሮም ለዠን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ዳውን ሲንድረም ከ21ኛው ክሮሞሶም አንድ ትርፍ በመኖሩ እንደሚመጣ አሳይተዋል። ይህን የምጽፍልሽ ሐኪም ልትሆኚ ስለሆነ ነው። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ልጅ የወለደችን እናት “ምን ብትሠራ ነው” ሲሏት እሰማለሁ። ያጠፋችው ነገር የለም። ወጣት እናቶችም ይወልዳሉ። ነገ ነጭ ጋዋን ስትለብሺ ለእናቶቹ ይህን በግልጽ ንገሪያቸው።

የዓባይ ማዶ ልጅ፦

ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ! ሁለቴ አነበብኩት፣ ለጓደኞቼም አነበብኩላቸው። የኮሂሲኑ ነገር እጥፉን በደንብ አስረዳኝ። የማኅፀኑን ለእማዬ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና “ታዲያ አያትሽም ከእኔ ጋር አንቺንም ተሸክማሻለች ማለት ነው?” አለችኝ። ልክ ናት አይደል?

ሌላ ጥያቄ አለኝ፣ አይቆጡኝ። ጥንድ መገጣጠም ግዴታ ከሆነ ጥንዱ የማይገጥም እንስሳ ምን ይሆናል? አያቴ ገጠር በቅሎ አለው። በቅሎ አትወልድም ሲባል እሰማለሁ። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ደግሞ ኒውክለሱ ሳይፈርስ የሚከፈልበት ፍጥረት የለም?

መምህርት ከጣና ዳር፦

እናትሽ ልክ ናቸው። አንቺ የመጣሽባት እንቁላል እሳቸው በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ሚዮሲስ ጀምራ ነበር።

በቅሎዋም በደንብ ይገናኛል። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62። የበቅሎ እናት ፈረስ ናት፣ 32 ትሰጣለች። አባቷ አህያ ነው፣ 31 ይሰጣል። በድምሩ 63። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል፣ ሴሏ ውስጥ ግን የአባቷ 31 አብሯት አለ። አሁን የሁለቱን መከፈል ልዩነት እዪ። ማይቶሲስ ጥንድ አይፈልግም። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ለብቻው ተባዝቶ ለብቻው ይለያያል፣ 63ም ሆነ 46 ግድ የለውም። ስለዚህ በቅሎ ታድጋለች፣ ቁስሏ ይድናል፣ ዳገት በጭነት ትወጣለች። እንቁላል ለመሥራት ሚዮሲስ ሲጀመር ግን የፈረሱና የአህያው ክሮሞሶሞች በሥርዓት አይገጥሙም። ቁጥሩም ጎዶሎ ነው። ሥራው እዚያ ላይ ይሰናከላል።

ገበያ የምንገዛው ሙዝ በውስጡ የዘር ፍሬ የሌለውም በዚሁ ምክንያት ነው። አብዛኛው የሚበላ ሙዝ ሦስት የክሮሞሶም ስብስብ ነው ያለው፣ ሦስት ጊዜ 11፣ 33። ሦስት ለሁለት እኩል አይከፈልም። ስለዚህ በዘር ሳይሆን ከጎኑ በሚያወጣው ችግኝ ይተከላል፣ ያ ደግሞ ማይቶሲስ ብቻ ነው።

የዓሣ ጥናት፣ ባሕር ዳር፦

መምህርት፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር ቢፈቅዱልኝ። እህቴ፣ ለዚህ ትምህርት የሚሆን ድንቅ ነገር ሐይቅሽ ውስጥ አለ። ዓሣ አጥማጆቻችን ነጭ ዓሣ የሚሉት፣ በሳይንሱ ላቢዮባርበስ የሚባለው፣ 150 ክሮሞሶም አለው። ትንንሾቹ የባርበስ ዘመዶቹ 50 ነው ያላቸው። ላቢዮባርበስ ስድስት ስብስብ የተሸከመ ዓሣ ነው።

መምህርት ስለ ሙዙ ያሉትን ካነበብሽ፣ ስድስት ስብስብ ያለው ዓሣ እንዴት ይወልዳል ትያለሽ። ሦስት ጎዶሎ ነው፣ ስድስት ግን ጥንድ ጥንድ ሆኖ መሰለፍ ይችላል። 150ው 75 በ75 ይለያያል። እንቁላሉ 75፣ የወንዱ ዘር 75። ክረምት ላይ ብዙዎቹ ዝርያዎች ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራና ርብ ባሉ ወንዞች ሽቅብ እየሄዱ እንቁላል ይጥላሉ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች አሉባቸው። ለዚህ ነው በመራቢያቸው ወቅት ወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት የሚያሳስበን። እንቁላሏን ልትጥል የመጣችውን እናት ነው መረቡ የሚይዘው።

የላብራቶሪ ሠራተኛ፦

“ኒውክለሱ ሳይፈርስ የሚከፈል የለም ወይ” ላልሽው እኔ ልመልስ፣ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ። ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ክረምቱ ሲወጣ የወባ ስላይድ ይበዛብናል። ደሙን በጊምሳ አቅልመን ስናይ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ከሆነ አንዳንዴ ሺዞንት፣ ማለትም እየተከፈለ ያለ ተሕዋስ፣ እናገኛለን። አንድ ቀይ የደም ሴል፣ በውስጡ 12ም 20ም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ። እያንዳንዷ ነጠብጣብ ኒውክለስ ናት። የወባ ተሕዋሱ መጀመሪያ ኒውክለሱን ደጋግሞ ይከፍላል፣ ሽፋኑን ሳያፈርስ። የሴሉ አካል የሚከፈለው መጨረሻ ላይ በአንድ ጊዜ ነው። ከዚያ ቀዩ ሴል ይፈነዳል፣ በሽተኛውም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የኒውክለስ መከፈልና የሴል መከፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ማየት ለፈለገ የወባ ስላይድ በቂ ነው።

መምህርት ከጣና ዳር፦

የላብራቶሪው ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍክልን አመሰግናለሁ። ልጄ፣ ሌላም ምሳሌ በየቤታችን አለ። ጠጅና ጠላ የሚያፈላው እርሾ እንዲሁ ነው። ክሮቹ የሚሠሩት እዚያው ኒውክለሱ ውስጥ ስለሆነ ሽፋኑን ማፍረስ አያስፈልገውም። ኒውክለሱ ይረዝማል፣ በቀጭኑ አንገት በኩል ወደ አዲሱ እምቡጥ ይገባል፣ መሃሉ ይቀጥናል፣ ይለያያል። መጽሐፍሽ “ለሁለት ይከፈላል” ያለው ለእርሾ ቃል በቃል ልክ ነው።

ሁለተኛ ዓመት፣ ፔዳ፦

መምህርት፣ አትመራመሪ ማለቴን ትቻለሁ። ስለ ሴሉ መጠበቅ እኛም በዚህ መልክ አልተማርነውም። አንድ ጥያቄ አለኝ። የሽንኩርቱን ሥር እኛም ሠርተናል። ሚዮሲስን ግን በዓይናችን አላየንም። እዚህ ባለ ነገር እንዴት ማየት እንችላለን?

መምህርት ከጣና ዳር፦

ከዚያው ከሽንኩርት። ፎገራ በኩል ለዘር ብለው ሽንኩርቱን የሚያስረዝሙ ገበሬዎች አሉ፣ አበባ ያወጣል። ገበሬውን አስፈቅዳችሁ ከአንዱ የአበባ ራስ ላይ ያልተከፈቱ እንቡጦችን ውሰዱ። የተከፈተ አበባ አይሆንም፣ እዚያ ሚዮሲሱ አልቆ የምታገኙት የተዘጋጀ ፖለን ነው። በአንድ ራስ ላይ ትንሹም ትልቁም እንቡጥ ስላለ የተለያየ መጠን ያለውን መርጣችሁ ለየብቻ አስቀምጡ። እዚያው ማሳው ላይ አልኮሉና አሴቲክ አሲዱ ውስጥ ክተቱት፣ ከተማ እስክትደርሱ አታቆዩት።

ላብራቶሪ ስትመለሱ እንቡጡን በመርፌ ክፈቱና የወንዴውን ከረጢት አውጡ። ከአንድ እንቡጥ አንዱን ብቻ አሴቶካርሚን ላይ ፍጩና እዩት። በአንድ ከረጢት ውስጥ ያሉት ሴሎች በአብዛኛው አንድ ደረጃ ላይ ናቸው፣ ስለዚህ አንዱ ከነገራችሁ የቀሩትን ማባከን አያስፈልግም። ስምንት ጥንድ ካያችሁ መጀመሪያው መከፈል ላይ ናችሁ። አራት አራት ሆነው የተጠጋጉ ሴሎች ካያችሁ ዘግይታችኋል፣ ወደ ትንሹ እንቡጥ ሂዱ። የዓባይ ማዶዋንም ይዛችኋት ሂዱ፣ መምህሯን አስፈቅዱላት።